በቪክቶሪያ ዘመን ለንደን የሚኖር ቫምፓየር፦ የአማራጭ ታሪክ ልብ ወለድ አጻጻፍ ደረጃ በደረጃ

ልብ ወለድ የሚሞክሩ ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «ታሪኬ የሚካሄደው በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ለንደን ነው። ከሞት ተነሥተው የሰው ደም የሚጠጡ ቫምፓየሮች ከሰው ጋር በግልጽ ይኖራሉ። ያነበበልኝ ሰው ሁሉ ግን ‹አላመንኩትም› ይለኛል። ምን ላድርግ?»

መልሴ አይለወጥም። አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ሌላውን ታሪክ እንደነበረ ተዉት። ከዚያ ያ አንድ ለውጥ የነካውን ሁሉ እስከ ውርስ ሕጉ፣ እስከ መቃብሩና እስከ ሱቁ ድረስ ተከታተሉት። አንባቢ ቫምፓየሩን ለመቀበል አይቸገርም። የሚቸግረው ቫምፓየር መጥቶም ምንም ያልተለወጠባትን ከተማ መቀበል ነው።

አሠራሩ እንዲታይ አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሄዳለን፦ የቪክቶሪያ ባል ልዑል አልበርት በሞተባት ሌሊት ቫምፓየር ሆኖ ቢተርፍስ? ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በመጽሐፋችሁም አንዱን አቆጣጠር ምረጡና እስከ ፍጻሜው በእሱ ዝለቁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ሁለት ደብተር። በአንዱ በእውነት የሆነውን፣ በሌላው እናንተ የለወጣችሁትን ትጽፋላችሁ። በአንድ ደብተር ከተቀላቀሉ ከጥቂት ምዕራፍ በኋላ የቱ እውነት የቱ ፈጠራ እንደሆነ ይጠፋችኋል።
• ታሪኩ የሚካሄድበት ዓመት የቀን መቁጠሪያ። ለምሳሌ ኦገስት 31 ቀን 1888 ዓርብ ነበር።
• የቻርልስ ቡዝ የለንደን የድህነት ካርታ። መታተም የጀመረው በ1889 ሲሆን የለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ በነፃ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጦታል። እያንዳንዱን መንገድ በነዋሪው ኑሮ ቀለም ቀብቶታል፦ ጥቁሩ የመጨረሻው ድሃ፣ ቢጫው ባለጸጋ።
• የኦልድ ቤይሊ ፍርድ ቤት መዛግብት። ከ1674 እስከ 1913 የተካሄዱ ችሎቶች በነፃ ይነበባሉ። ተራው ሰው እንዴት ይናገር እንደነበር፣ ምን እንደሚሰረቅና ስንት እንደሚያወጣ የሚገኘው እዚያ ነው።
• የለንደን የፀሐይ መውጫና መጥለቂያ ሰንጠረዥ። ብዙዎች ይህን ይዘሉታል፤ ለዚህ ዓይነት ልብ ወለድ ግን ከሁሉም የሚበልጠው መሣሪያ ይህ ነው።
• በ1897 የታተመው «ድራኩላ» የተባለው የቫምፓየር ልብ ወለድ። ደራሲው ብራም ስቶከር የሞተው በ1912 ስለሆነ የቅጂ መብት ጊዜው አልፏል።

ማስጠንቀቂያ፦ ነፃ የሆነው የ1897ቱ መጽሐፍ ነው። ከእሱ በኋላ የተሠሩ ፊልሞችና ልብ ወለዶች የፈጠሯቸው ገጸ ባሕርያት የሌላ ሰው ንብረት ሊሆኑ ስለሚችሉ አትውሰዷቸው።

አሠራር

1. መታጠፊያውን በቀንና በሰዓት ወስኑ

መታጠፊያ የምለው ታሪካችሁ ከእውነተኛው ታሪክ የሚለይበትን ቅጽበት ነው። በእኛ ምሳሌ ዕለቱ ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 14 ቀን 1861 ነው። በእውነተኛው ታሪክ አልበርት በዊንዘር ቤተ መንግሥት፣ በ42 ዓመቱ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ሊሆን 10 ደቂቃ ያህል ሲቀረው አረፈ። ሐኪሞቹ የአንጀት ተስቦ ነው አሉ። በእኛ ታሪክ ግን ከዚያች ሰዓት ቀደም ብሎ አንድ እንግዳ ወደ መኝታ ክፍሉ ይገባል።

ቀኑ በትክክል መወሰን ያለበት ከዚያ በፊት ያለውን እንዳትነኩ ስለሚያስራችሁ ነው። አልበርት በዚያው ወር መጀመሪያ፣ ታሞ ሳለ፣ ወደ አሜሪካ ሊላክ የነበረውን ቁጡ ደብዳቤ አለዝቦ ሁለቱን አገሮች ከጦርነት አድኗል። ይህ ከመታጠፊያው በፊት ስለሆነ እንዳለ ይቀመጣል።

የተለመደ ስህተት፦ ሁለት መታጠፊያ ማስገባት። አልበርት ቫምፓየር ሆነ፤ ናፖሊዮንም ዋተርሉ ላይ አሸነፈ። እንዲህ ሲሆን አንባቢ የቱ ለውጥ የቱን እንዳመጣ መከታተል ያቅተዋል፤ የምታሳዩት መዘዝም ሁሉ ዘፈቀደ ይመስለዋል።

2. የቫምፓየራችሁን ሕግ በአንድ ገጽ ጻፉ

ፀሐይ ይገድለዋል ወይስ ያደክመዋል? መስቀል ያሸሸዋል? መስታወት ውስጥ ይታያል? ሳይጋበዝ ቤት ይገባል? የነከሰው ሰው ሁሉ ቫምፓየር ይሆናል? ያረጃል? ለእያንዳንዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ገጹን ከጠረጴዛችሁ ፊት ለጥፉት፤ በኋላ ሴራው ሲጠብባችሁ ሕጉን ለማላላት ትፈተናላችሁና።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፀሐይ ላይ ነው። በ1897ቱ መጽሐፍ ድራኩላ በቀን ይንቀሳቀሳል፤ ኃይሉ ይቀንሳል እንጂ አይቃጠልም። ቫምፓየር በፀሐይ ብርሃን ይጠፋል የሚለው ሐሳብ የተስፋፋው በ1922 ከወጣ የጀርመን ድምፅ አልባ ፊልም ነው። የፈለጋችሁትን መምረጥ መብታችሁ ነው፤ ምርጫው ግን ሴራውን ከሥር ይለውጠዋል። አልበርት ፀሐይ የሚገድለው ከሆነ ቀትር ላይ የሚደረግ ሰልፍ፣ ጉብኝትና የመሠረት ድንጋይ ማስቀመጥ ሁሉ ይቀርበታል። ቤተ መንግሥቱ በሙሉ ወደ ሌሊት ይዞራል።

መስቀልንም በችኮላ አትወስኑ። ቪክቶሪያ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የበላይ ጠባቂ ናት። ባሏ መስቀል የሚያቃጥለው ከሆነ እሑድ ጠዋት ወንበሩ ባዶ ይሆናል፤ ያንን ባዶ ወንበር ደግሞ ሊቀ ጳጳሱም ጋዜጠኛውም ያየዋል።

3. ደሙን አስሉ

ይህን ደረጃ ሳትሠሩ ምዕራፍ አንድን አትጀምሩ። ደም ባንክ ከአንድ ጤነኛ ለጋሽ በአንድ ጊዜ የሚወስደው 450 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ያ ሰው እንደገና እስኪሰጥ 3 ወር ያህል፣ ማለትም 13 ሳምንት፣ ይጠበቃል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ ይህን ያህል የሚጠጣና ማንንም የማይገድል ቫምፓየር 13 ሰው ያስፈልገዋል። 10,000 ቫምፓየሮች 130,000 ሰው ይፈልጋሉ። በ1880ዎቹ የለንደን ሕዝብ ወደ 4 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። ከተማዋ ትችላለች፤ ግን ጉዳዩ ተደብቆ አይኖርም። ደም የሚሰጠው ማን ነው? በክፍያ ነው ወይስ በግዴታ? የቡዝን ካርታ ዘርጉና ጥቁርና ሰማያዊ የተቀቡትን የድሆች ሰፈሮች ተመልከቱ። መልሱ ከዚያ ይነሣል፤ የልብ ወለዳችሁ ዋና ግጭትም ምናልባት እዚያው ይገኛል።

ማስጠንቀቂያ፦ «የተነከሰ ሁሉ ቫምፓየር ይሆናል» የሚል ሕግ ካወጣችሁ ቁጥሩ ያመልጣችኋል። አንድ ቫምፓየር በሳምንት አንድ ሰው ቢለውጥ፣ አዲሶቹም እንዲሁ ቢያደርጉ፣ በ22ኛው ሳምንት ቁጥሩ 4,194,304 ይደርሳል፤ ለንደን በሙሉ ማለት ነው። ልጓም አብጁለት፦ መለወጥ የሚለውጠውን ያደክም፣ ወይም የሚለወጠው ፈቃዱን ይስጥ፣ ወይም ብዙዎቹ በሂደቱ ይሙቱ።

4. መዘዙን እስከ ታች ተከታተሉ

አብዛኛውን ጊዜያችሁን የምታጠፉት እዚህ ነው። በሁለተኛው ደብተር መታጠፊያውን ከላይ ጻፉና ከሥሩ «ስለዚህ…» እያላችሁ ውረዱ።

ከቤተ መንግሥቱ ጀምሩ። በእውነተኛው ታሪክ ቪክቶሪያ ከዚያ ሌሊት እስከ ሞተችበት እስከ 1901 ድረስ ጥቁር ለበሰች፤ ፓርላማ ለመክፈት እንኳ እስከ 1866 አልወጣችም። በእኛ ታሪክ ሐዘን የለም። ስለዚህ የሐዘን ልብስ ገበያው ያን ያህል አይደራም። ስለዚህ ጄት ከሚባለው ጥቁር ድንጋይ የሐዘን ጌጥ እየቀረጹ የሚኖሩት የዊትቢ ሠራተኞች ሥራ ይቀንስባቸዋል። ለአልበርት መታሰቢያ የተሠራው የኬንሲንግተን ሐውልትም አይኖርም። በ1871 የተከፈተው ሮያል አልበርት ሆል ቢሠራ እንኳ የሟች መታሰቢያ ሆኖ አይሰየምም። በ1888 ገጸ ባሕርያችሁ በዚያ ሐውልት ሥር ቀጠሮ ከያዘ መጽሐፉ እዚያው ተሰበረ።

ቀጥሎ ሕጉን ያዙ። ከ1837 ጀምሮ በእንግሊዝ ሞት በመንግሥት መዝገብ ይመዘገባል። ቫምፓየር በመዝገቡ ላይ ሟች ነው ወይስ ሕያው? ሟች ከሆነ ልጁ ይወርሰዋል፤ ሚስቱም መበለት ናት፤ ሌላ ማግባት ትችላለች። ንግሥቲቱም በሕግ ፊት ከሟች ጋር የምትኖር መበለት ትሆናለች። ሕያው ከሆነ ደግሞ የማይሞት ሎርድ በሎርዶች ምክር ቤት ወንበሩን ለዘላለም ይይዛል፤ የበኩር ልጁ እየጠበቀ ያረጃል። የቪክቶሪያ የመጀመሪያ ወንድ ልጅ ኤድዋርድ በእውነት እንኳ ዙፋኑን ያገኘው በ59 ዓመቱ ነው። እናቱም ብትለወጥ መቼም አያገኘውም። የተቆጣ አልጋ ወራሽ፣ ከሱ በኋላ ደግሞ የተቆጡ የመኳንንት ልጆች አገኛችሁ ማለት ነው። ፓርላማው ያወጣውን ሕግ ራሳችሁ አርቅቁት። መጽሐፉ ውስጥ ባይገባም ገጸ ባሕርያቱ ሲከራከሩ የምትጠቅሱት አንቀጽ ይኖራችኋል።

መቃብርን አትዝለሉ። አስከሬን ማቃጠል ወንጀል አይደለም ተብሎ በዌልስ የተፈረደው በ1884 ነው፤ በዎኪንግ የመጀመሪያው የተቃጠለው በ1885፣ ሕጉ የወጣው በ1902። ሙታን የሚነሡበት አገር ይህን ያህል አይጠብቅም። ዘመዱ እንዳይነሣ የሚፈራ ቤተሰብ በ1860ዎቹ እሳቱን ይጠይቃል፤ ቤተ ክርስቲያን ትቃወማለች። ሕክምናም እንዲሁ ነው። የደም ዓይነቶችን ካርል ላንድስታይነር ይፋ ያደረገው በ1901 ነው፤ ከዚያ በፊት ደም መስጠት የዕድል ጉዳይ ነበር። የደምን ልዩነት በምላሱ የሚለይ ቫምፓየር ያገኘ ብልህ ሐኪም ግን በ1870ዎቹ ይደርስበታል። እዚህ ላይ የቪክቶሪያና የአልበርት ልጅ ልዑል ሊዮፖልድ ደሙ የማይረጋበት በሽታ እንደነበረበት አስታውሱ፤ በ1884 ወድቆ በዚያው ሞተ። አባቱ ደም ጠጪ፣ ልጁ ደሙ የማይቆም። ይህን ታሪክ ራሱ ሰጥቷችኋል፤ የምትጨምሩበት ነገር የለም።

አሁን ደግሞ ሰንሰለቱ ወደ እኛ አገር ይደርሳል። ዐፄ ቴዎድሮስ በኦክቶበር 1862 ለቪክቶሪያ የወዳጅነት ደብዳቤ ጻፉ፤ መልእክተኞች ሊልኩም አሰቡ። ደብዳቤው በ1863 ለንደን ደርሶ መልስ ሳያገኝ ቀረ። ከዚያ የእንግሊዙ ቆንስል መታሰር፣ የኔፒየር ጦር፣ በኤፕሪል 1868 መቅደላ መጣ። አልበርት ግን የውጭ ጉዳይ ወረቀቶችን ተቀምጦ የሚያነብ ሰው ነበር። አሁን ደግሞ እንቅልፍ የሌለበት ረጅም ሌሊት አለው። ደብዳቤውን አግኝቶ ቢያስመልስስ? እንግዲህ የመቅደላ ዘመቻ አይኖርም። የመቅደላ የብራና መጻሕፍት ወደ ለንደን አይሄዱም። «ባሮን ኔፒየር ኦቭ ማግዳላ» የሚባል ማዕረግም አይሰጥም። ልዑል ዓለማየሁ በሰባት ዓመቱ ባሕር አይሻገርም።

ማስጠንቀቂያ፦ ደብዳቤው ከተመለሰ በኋላ ዓለማየሁን በዊንዘር አታሳዩ። ሁለቱ በአንድ መጽሐፍ አይኖሩም። ደብዳቤው ስለተመለሰ ብቻም የቴዎድሮስን ዙፋን አታጽኑ። በአገር ውስጥ የተነሣባቸው ዐመፅ ከለንደን መልስ ጋር ብዙ የሚያገናኘው የለም፤ ምኒልክም በ1865 ከመቅደላ ማምለጣቸው ይቀጥላል።

5. የለንደንን ሌሊት በሰዓት ያዙ

እኛ ቀኑና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ከሞላ ጎደል እኩል በሚሆንበት አገር ያደግን ሰዎች እዚህ ላይ በቀላሉ እንሳሳታለን። «ጀምበር ጠለቀች» ስንል በልባችን 12 ሰዓት ነው። ለንደን እንዲህ አይደለችም። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ዲሴምበር 21 ፀሐይ የምትወጣው ከጧቱ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ የምትጠልቀው ደግሞ ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ። ለቫምፓየራችሁ ከ16 ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ሌሊት ነው። ጁን 21 ግን ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ20 ገደማ ጠልቃ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ43 ገደማ ትወጣለች። ሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል አይሞላም፤ ድንግዝግዙ ሲቀነስ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ስለዚህ ክረምት የቫምፓየሩ፣ በጋ የአሳዳጆቹ ወቅት ነው። (የለንደን ክረምት ማለቴ ነው፤ ዲሴምበርና ጃንዋሪ።) አደኑን በጁን፣ ግድያውን በዲሴምበር አስቀምጡ፤ ውጥረቱ ያለእናንተ ድካም ይመጣል።

ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት የበጋ ሰንጠረዥ አንድ ሰዓት የተጨመረበት ሊሆን ይችላል። በእንግሊዝ ሰዓት ወደፊት መግፋት የተጀመረው በ1916 ስለሆነ ያንን ቀንሱ።

ጭጋጉንም ተጠቀሙበት። በድንጋይ ከሰል ጭስ የጠቆረው የኖቬምበር ጭጋግ ቀትር ላይ መብራት ያስለኩስ ነበር። ፀሐይ የሚገድለው ቫምፓየር በእንዲህ ያለ ቀን ይወጣል ወይ? ሕጋችሁን የጻፋችሁበት ገጽ ላይ መልሱን ጨምሩ። ጃንዋሪ 10 ቀን 1863 የተከፈተው የምድር ውስጥ ባቡርም በቀን መጓጓዣ ይሆነዋል። ግን በእንፋሎት የሚሠራ ስለነበር ጭሱ እንዲወጣ መስመሩ አልፎ አልፎ ወደ ሰማይ ክፍት ነበር። መጋረጃ የሌለው ፉርጎ ውስጥ ተቀምጦ ከዋሻው ወደ ብርሃን የሚወጣ ቫምፓየር ጥሩ ትዕይንት ነው።

6. በእውነት የኖሩ ሰዎችን ስታስገቡ ተጠንቀቁ

ንጉሥን፣ ጠቅላይ ሚኒስትርን፣ የፖሊስ አዛዥን ማስገባት ይቻላል። የሥልጣን ሰው ነበሩና ሥራቸው በመዝገብ አለ። በ1888 መጸው በለንደን የድሆች ሰፈር በኋይትቻፕል የተገደሉት ድሃ ሴቶች ግን ሌላ ነገር ናቸው። ይህን ዘመን የሚጽፍ ሁሉ ወደ እነሱ ይሳባል። እኔ የምመክረው እውነተኛ ስማቸውንና አሟሟታቸውን ለማስፈራሪያ እንዳትጠቀሙ ነው። የራሳችሁን ሴት ፍጠሩ፤ ከሞቷ በፊት ኑሮዋን አሳዩ፦ የት ታድር ነበር፣ ለአልጋ ስንት ትከፍል ነበር፣ ደሟንስ ለማን ትሸጥ ነበር።

ልዑል ዓለማየሁንም ቫምፓየር አታድርጉት። ወላጆቹን አጥቶ በባዕድ አገር በ18 ዓመቱ፣ በ1879፣ የሞተ ልጅ ነው። አጽሙ ዛሬም ዊንዘር ነው፤ ወደ አገሩ ይመለስ የሚለው ጥያቄም አልተዘጋም። መታጠፊያችሁ ሌላ ሆኖ እሱ በታሪኩ ከገባ በክብር ይግባ።

7. አነጋገሩን በማዕረግ አስተካክሉ

አማርኛ እዚህ ላይ ትልቅ አቅም ይሰጣችኋል። አሽከር ጌታውን «እርስዎ» ይላል፤ ጌታው አሽከሩን «አንተ»። ይህን ከመጀመሪያው ምዕራፍ አጥብቃችሁ ያዙ። ከዚያ አሽከሩ ቫምፓየር ሆኖ በሚመለስበት ሌሊት፣ ጥርሱን ሳታሳዩ፣ ጌታውን አንድ ጊዜ «አንተ» ያሰኙት። አንባቢው የሥልጣን ለውጡን ወዲያው ይሰማዋል። ቀድማችሁ እየቀላቀላችሁ ከጻፋችሁ ግን ይህ ዕድል ይባክናል።

8. ከንክሻው አትጀምሩ

የመጀመሪያው ምዕራፍ ከመታጠፊያው ብዙ ዓመት በኋላ ይሁን፤ በእኛ ምሳሌ 1888። ሰዉ ቫምፓየርን ለምዶታል። ልጃገረዷ ሌሊት ለሚሠራው የመንግሥት ቢሮ ወረቀት ታደርሳለች፤ ደም ሰጪዎች ተሰልፈዋል፤ የሰልፉ ጠባቂ ዋጋ ይቀንሳል። ማብራሪያ አታስገቡ። ማስረዳት ሲያስፈልግ የጋዜጣ ቁራጭ፣ ቴሌግራም፣ የማስታወሻ ደብተር ገጽ ተጠቀሙ፤ የዘመኑ ሰዎች ሕይወታቸው በወረቀት የተሞላ ነበርና ባዕድ አይሆንም።

9. የዘመን ስህተት አጥሩ

ረቂቁ ሲያልቅ አንድ ጊዜ ለዚህ ብቻ አንብቡት። በብዛት የማያቸው እነዚህ ናቸው፦

• በ1888 ገጸ ባሕርይ በታወር ብሪጅ ይሻገራል። ድልድዩ የተከፈተው በ1894 ነው፤ በ1888 ገና ግንባታ ላይ ነበር።
• በሴፕቴምበር 1888 መጀመሪያ ሰው ሁሉ የኋይትቻፕሉን ገዳይ «ጃክ ዘ ሪፐር» ይላል። ይህ ስም በሕዝብ ዘንድ የታወቀው በኦክቶበር መጀመሪያ ነው።
• የስኮትላንድ ያርድ (የለንደን ፖሊስ) መርማሪ የጣት አሻራ ያነሣል። የጣት አሻራ ክፍሉ የተቋቋመው በ1901 ነው።
• ራስ ምታት ያለበት ሰው አስፕሪን ይውጣል። አስፕሪን ገበያ የወጣው በ1899 ነው።

ከመታጠፊያው በኋላ ያለን ነገር ማስቀደም ትችላላችሁ፤ ምክንያቱ ግን ከቫምፓየሩ ጋር ይያያዝ። የደም ዓይነት በ1870ዎቹ ቢታወቅ ምክንያት አለው። ታወር ብሪጅ በ1888 ቢሠራ ግን ምን አመጣው?

10. ለአንድ አንባቢ ስጡ

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች ምንም ሳታስረዱ ስጡት። ሲመልስ «ወደድከው?» ብላችሁ አትጠይቁ። አራት ነገር ጠይቁት፦ ምን ተለወጠ? መቼ? ቫምፓየሩ የማይችለው ምንድን ነው? ደሙን ከማን ያገኛል? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ካልመለሰ ችግሩ ደረጃ 8 ላይ ነው፤ ወረቀቶቹን ጨምሩ። ሦስተኛውን ካልመለሰ ወደ ሕጉ ገጽ ተመለሱ። አራተኛውን ካልመለሰ ስሌቱን እንደገና ሥሩ፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ምዕራፍ በደም ሰጪዎቹ ሰልፍ ጀምሩት።